የሕዝብ ቴሌቪዥን የጉዞ ዝግጅቶችና ማስታወሻዎቻቸው፦ ምን ይቀመጥ? እንዴትስ ይቀመጥ?

የጉዞ ዝግጅት በቴሌቪዥን አይቶ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አቅራቢው ከአንድ ከተማ ተነሥቶ ሌላው ይገባል፤ ገበያውን ይዞራል፤ ከባለአገሩ ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ይጠይቃል፤ ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ተሰናብቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዕቃ ግን ከሚገመተው በላይ ነው። ተመልካቹ ቤት የጣቢያው ስም የታተመበት የጨርቅ ቦርሳ፣ ኩባያ፣ ዲቪዲ፣ መጽሐፍ ይቀራል። ካሜራውን ይዘው በወጡት ሰዎች ዘንድ ደግሞ ያልተቆራረጠው ጥሬ ቴፕና የጉዞ ማስታወሻ ደብተር ይቀራል።

በዚህ ማብራሪያ ሁለቱንም ወገን እንመለከታለን። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ከሁሉ የከበረው ቅርስ ብዙ ጊዜ ማንም የማይፈልገው ጥሬው ቴፕና በጎኑ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ናት። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘቡ የማን ነው?

የማስታወሻ ዕቃዎቹ ለምን እንደተፈጠሩ ለመረዳት መጀመሪያ የገንዘቡን ምንጭ ማየት ያስፈልጋል። የሕዝብ ቴሌቪዥን የሚባለው ለትርፍ ያልቆመና ወጪውን በዋናነት ሕዝቡ የሚሸፍንለት ጣቢያ ነው። አከፋፈሉ ግን እንደየአገሩ ይለያያል። በብሪታንያ ቢቢሲ የሚተዳደረው ተመልካቹ ቤተሰብ በየዓመቱ በሚከፍለው የፈቃድ ክፍያ ነው። በ2025 ክፍያው 174.50 ፓውንድ ነበር።

በአሜሪካ መንገዱ ሌላ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1967 የፈረሙት ሕግ የፌዴራል ገንዘብ ተቀብሎ ለሕዝብ ጣቢያዎች የሚያከፋፍል ኮርፖሬሽን አቋቋመ። ፒቢኤስ ደግሞ በ1969 ተመሥርቶ በ1970 ሥርጭት ጀመረ። ብዙ ሰው ፒቢኤስን እንደ አንድ ጣቢያ ያየዋል፤ በእርግጥ ግን በየከተማው ያሉ፣ የየራሳቸው ቦርድና የየራሳቸው ደጋፊ ያላቸው የአባል ጣቢያዎች ማኅበር ነው። በሐምሌ 2025 ኮንግረሱ ለኮርፖሬሽኑ አስቀድሞ የፈቀደውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል መልሶ ሰረዘ፤ ኮርፖሬሽኑም በነሐሴ ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የተመልካቹ መዋጮ ለብዙ ትናንሽ ጣቢያዎች የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ሆኗል።

የእኛው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የመንግሥት ተቋም ሆኖ ነው። «ይህን ያህል ብር ላክልን፣ ይህን ቦርሳ እንልክልሃለን» የሚለው ልማድ ለኢትዮጵያ ተመልካች እንግዳ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

ስጦታው ውለታ ነው

የአሜሪካ የሕዝብ ጣቢያ በዓመት ለተወሰኑ ሳምንታት መደበኛ ዝግጅቱን እያቋረጠ ተመልካቹን መዋጮ ይጠይቃል። አቅራቢው ስቱዲዮ ውስጥ ይቆማል፤ በጎ ፈቃደኞች ከኋላው ስልክ ያነሣሉ፤ ለእያንዳንዱ የገንዘብ መጠን የተመደበው ስጦታ በስክሪኑ ላይ ይታያል። ለአነስተኛው መዋጮ ኩባያ ወይም የጨርቅ ቦርሳ፣ ከፍ ላለው የሙሉው ተከታታይ ዲቪዲ፣ ከዚያም በላይ ለሆነው መጽሐፉ፣ ካርታውና ዲቪዲው አንድ ላይ ይላካል። የጉዞ ዝግጅቶች ለዚህ ወቅት በጣም ይፈለጋሉ። ምክንያቱም የጉዞ ዝግጅት የሚያይ ሰው ልቡ ለመሄድ ይነሣሣል፤ የጉዞ መመሪያ መጽሐፍና የትከሻ ቦርሳ ሲቀርብለት ደግሞ የሚፈልገውን ነገር ነው የቀረበለት።

በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። መዋጮው ከግብር የሚቀነሰው የስጦታው የገበያ ዋጋ ከተነሣለት በኋላ ነው። 120 ዶላር ሰጥታችሁ 20 ዶላር የሚያወጣ መጽሐፍ ከተቀበላችሁ፣ እንደ ልግስና የሚቆጠርላችሁ 100 ዶላሩ ነው። ክፍያው ከ75 ዶላር በላይ ሲሆን ጣቢያው የስጦታውን ግምት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ሕጉ ያዛል፤ ግምታቸው እዚህ ግባ የማይባሉ ዕቃዎች የራሳቸው ደንብ አላቸው። ያቺን ደብዳቤ ከቦርሳው ጋር አስቀምጧት። ለግብር መጥቀሟ እንዳለ ሆኖ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ቦርሳው መቼና ከየት እንደመጣ የምትመሰክረው እሷ ብቻ ናት።

በነፃ የሚሰጥ ዝግጅት፦ ሪክ ስቲቭስ

ሪክ ስቲቭስ በዋሽንግተን ግዛት፣ ኤድመንድስ በምትባል ከተማ የሚኖር የጉዞ ጸሐፊ ነው። በሕዝብ ቴሌቪዥን የአውሮፓ ጉዞውን ማቅረብ የጀመረው በ1991 ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራው ተከታታይ በ2000 ተከተለ። ዝግጅቱን ለጣቢያዎቹ የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው። እሱ የሚያተርፈው ከመመሪያ መጻሕፍቱና ከሚያዘጋጃቸው የቡድን ጉዞዎች ነው፤ ጣቢያዎቹ ደግሞ ዲቪዲዎቹንና መጻሕፍቱን ለመዋጮ ማሰባሰቢያ ይጠቀሙባቸዋል። ዝግጅቱ ማስታወቂያ ነው ብሎ የሚነቅፍ ሊኖር ይችላል። እኔ ግን አሠራሩ ግልጽ እስከሆነ ድረስ ነውሩ አይታየኝም።

ለመምህራን የሚጠቅመው ሥራው ሌላ ነው። የድሮ ዝግጅቶቹን ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በሚሆኑ ቁራጮች ከፋፍሎ፣ በርዕስና በቦታ አደራጅቶ፣ ለትምህርት ቤቶች በነፃ በኢንተርኔት አስቀምጧል። ስለ ሮም አደባባይ የሚያስተምር መምህር የሙሉ ሰዓት ፊልም ማሳየት አያስፈልገውም፤ የሚፈልጋትን አራት ደቂቃ ብቻ ያወጣል።

ወደ እኛም አገር መጥቷል። በ2020 የወጣውና ረሃብንና ተስፋን ርዕሱ ያደረገው ልዩ ዝግጅቱ የተቀረጸው በኢትዮጵያና በጓቲማላ ነው። እንደ ሌሎቹ ሥራዎቹ የጎብኚ መንገድ የሚያሳይ አልነበረም፤ የከፋ ድህነት ከምን እንደሚመጣና ሰዎች እንዴት እንደሚወጡት የሚጠይቅ ነበር። አንድ የጉዞ አቅራቢ የለመደውን የአውሮፓ ካፌ ትቶ የልማትን ጥያቄ ለዚያው ተመልካች ማቅረቡ የሚመሰገን ነው።

ከሱ ማስታወሻዎች ሁሉ እኔን የሚያስቀናኝ ግን ከቴሌቪዥኑ በፊት የነበረ ደብተር ነው። በ1978፣ ገና የ23 ዓመት የፒያኖ መምህር ሳለ፣ ከኢስታንቡል ተነሥቶ በኢራን፣ በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን አድርጎ፣ ሕንድን አቋርጦ እስከ ካትማንዱ ተጉዟል። በመንገዱ ሁሉ በእጁ የጻፈው ደብተር ወደ 60,000 ቃላት ይደርሳል። በዓመቱ ኢራን ውስጥ አብዮት ተነሣ፤ የሶቭየት ጦርም አፍጋኒስታን ገባ፤ መንገዱ እንደዚያ ላለ ተጓዥ ተዘጋ። ደብተሩ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጦ ቆይቶ በ2025 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በ1978 የአንድ ወጣት የግል ማስታወሻ የነበረው ዛሬ የጠፋ መንገድ ምስክር ነው። ጉዞ ላይ ሳላችሁ ጻፉ የምላችሁ ስለዚህ ነው።

ከግዛቱ ሳይወጣ የዞረው ሰው፦ ሁዌል ሀውዘር

ስለ ማስታወሻ አያያዝ ከሁሉ የሚያስተምረው ታሪክ የካሊፎርኒያው ሁዌል ሀውዘር ነው። ተወላጅነቱ ከደቡባዊቷ ቴኔሲ ግዛት ነው፤ ወደ ሎስ አንጀለስ የመጣው በ1981 ነው። በ1991 በኬሲኢቲ ጣቢያ «የካሊፎርኒያ ወርቅ» የሚባለውን ተከታታይ ጀመረ፤ በግዛቲቱ የሕዝብ ጣቢያዎች ሁሉ ይታይ ነበር። ባሕር አልተሻገረም፤ ቅንጡ ሆቴል አላሳየም። የሄደባቸው ቦታዎች መኪና ያለው ተራ ሰው ቅዳሜ ተነሥቶ ሊደርስባቸው የሚችላቸው ናቸው፦ ድልድይ፣ የተተወ የማዕድን ከተማ፣ የገበሬ ማሳ፣ ትንሽ ፋብሪካ።

አቀራረጹን ቀረብ ብለን እንየው፤ የሙያው ትምህርት እዚያ ውስጥ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ሀውዘርና የካሜራ ባለሙያው። ድብቅ ማይክሮፎን በልብስ ላይ አይሰካም፤ ሀውዘር ትልቁን ማይክሮፎን በእጁ ይዞ ለራሱ ይጠይቅና ወደ ሰውየው ይዘረጋዋል። ካሜራው ቶሎ አይቆረጥም። ሰውየው ሲያስብ፣ ሲስቅ፣ የረሳውን ሲያስታውስ ካሜራው ይጠብቀዋል። የአንድ ገበሬ ውሻ አቮካዶ አንሥቶ ልጣጩን እየገፈፈ ሲበላ ሀውዘር በአድናቆት የሚጮህበት ቀረጻ ዛሬም በብዙ የካሊፎርኒያ ሰዎች ይታወሳል። አድናቆቱ የልብ ነበር፤ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ደስታ ሃያ ዓመት አይዘልቅም።

ሀውዘር ከመሞቱ በፊት የሠራው ሥራ ግን ከዝግጅቱ አይተናነስም። የተከታታዩን ሙሉ ስብስብ፣ ስለ ካሊፎርኒያ የሰበሰባቸውን መጻሕፍትና የጥበብ ሥራዎቹን ኦሬንጅ ከተማ ለሚገኘው ቻፕማን ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። ዩኒቨርሲቲው ቴፖቹን ወደ ዲጂታል ገለበጣቸው፤ ማንም ሰው በነፃ እንዲያያቸውም በኢንተርኔት ከፈታቸው። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥም ለሀውዘር ሥራዎች ቋሚ ኤግዚቢሽን አለ። እሱ በጥር 2013 በ67 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ከተለመደው ጋር አነጻጽሩት። ብዙ አቅራቢ ሲሞት ቴፑ በጣቢያው መጋዘን፣ ፎቶው በዘመድ ቤት፣ ደብተሩ የትም ይበተናል። ሀውዘር ሥራውን በሕይወት እያለ፣ ለማንና በምን ውል እንደሚሰጥ ራሱ ወስኖ፣ ሕዝቡ በነፃ እንዲያየው አደረገ። ከሕዝብ መዋጮ የመጣ ሥራ ወደ ሕዝቡ ተመለሰ ማለት ነው። ለኔ የሕዝብ ቴሌቪዥን ትርጉሙ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለውም።

ማይክል ፔሊንና የመርከቡ ሰዎች

ቢቢሲ በ1989 ያሳየው «በ80 ቀን ዓለምን መዞር» ተከታታይ፣ ኮሜዲያኑን ማይክል ፔሊንን የጉዞ አቅራቢ አደረገው። በመስከረም 1988 ከለንደን ተነሥቶ አውሮፕላን ሳይሳፈር በ79 ቀን ከ7 ሰዓት ተመለሰ። ከጉዞው ሁሉ ተመልካቹ የማይረሳው ከዱባይ ወደ ቦምቤይ የተሻገረባት የእንጨት ጀልባ ላይ ያሳለፈው ሳምንት ነው። ከጉጃራት የመጡ 18 መርከበኞች ነበሩ፤ ቋንቋ አልተግባቡም። አንዱን አዛውንት በዎክማን የብሩስ ስፕሪንግስቲንን ሙዚቃ ሲያሰማው የሚታይበት ትዕይንት የዚያ ተከታታይ ልብ ነው። በ2008 ፔሊን እነዚያን መርከበኞች ፍለጋ ተመልሶ ሄደ፤ ቢቢሲም ይህን ራሱን የቻለ ዝግጅት አድርጎ አሳየው። ለፍለጋው መነሻ የሆነው የድሮው ቀረጻ ተጠብቆ መቀመጡ ነው።

ሁለተኛው ተከታታዩ፣ ከዋልታ እስከ ዋልታ የተጓዘበት፣ ለእኛ ይቀርባል። በ1991 ከሰሜን ዋልታ ተነሥቶ 30 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስን ለመከተል እየሞከረ ወደ ደቡብ ወረደ። ሶቭየት ኅብረትን የተሻገረው ልትፈርስ ጥቂት ወራት ሲቀሯት ነው፤ ኢትዮጵያ የገባው ደግሞ ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ከሱዳን ገብቶ ጎንደርን አይቶ፣ በአዲስ አበባ አልፎ ወደ ኬንያ ወጣ። ከኬፕታውን በመርከብ ወደ አንታርክቲካ ለመሄድ ያሰበው ሳይሳካ ቀርቶ በቺሊ በኩል ዞሮ ደቡብ ዋልታ ደረሰ። የዚያ የሽግግር ወቅት ኢትዮጵያ በተጓዥ ዓይን የታየችበት ቀረጻ ስለሆነ፣ የታሪክ ተማሪ ሊያየው ይገባል።

ሌሎች ካሜራዎች በኢትዮጵያ

ፔሊን ብቻውን አይደለም። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ በ1999 በፒቢኤስ በቀረበው ስድስት ክፍል ያለው የአፍሪካ ጉዞው አንዱን ክፍል ለኢትዮጵያ ሰጥቷል፤ ከላሊበላ እስከ አክሱም የክርስትናችንን ታሪክ ተከትሏል። እንግሊዛዊው የታሪክ ሰው ማይክል ውድም በ2005 በተላለፈው ተከታታዩ የንግሥተ ሳባን ታሪክ ፍለጋ ተጉዟል። ስለ ራሳችን በራሳችን ካሜራ የተቀረጸውን ለማየት ስንፈልግ የምናገኘው ከዚህ ማነሱ ያሳዝነኛል። አልተቀረጸም ማለት አልችልም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ባለሙያዎች ከጠረፍ እስከ ጠረፍ ካሜራ ተሸክመው ዞረዋል። ጥያቄው ቴፑ የት ነው፣ ምንስ ተጽፎበታል የሚለው ነው።

ቴፕ እንዴት ይሞታል?

ቴፕ ሦስት ዓይነት ሞት አለው። የመጀመሪያው በሰው እጅ የሚደረገው ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር ቢቢሲን የመሰለ ትልቅ ተቋም ሳይቀር የድሮ ዝግጅት እያጠፋ በዚያው ላይ አዲስ ይቀርጽ ነበር። ብዙ ሥራ እንዲህ ላይመለስ ጠፍቷል።

ሁለተኛው የቴፑ የራሱ መበስበስ ነው። ምስሉን የያዘው የማግኔት ዱቄት በፕላስቲኩ ላይ የሚጣበቀው በማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ ይላላል፤ ቴፑ ሲጫወት ከማሽኑ ጭንቅላት ላይ ይጣበቃል፣ ዱቄቱም እየተፋቀ ይቀራል። ሙቀትና እርጥበት ያለበት ክፍል፣ በተለይ ሙቀቱ ቀንና ሌሊት የሚዋዥቅበት ቆርቆሮ ቤት፣ ለቴፕ ጠላት ነው። ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ፣ ካሴቱ እንደ መጽሐፍ በቁሙ ተደርድሮ፤ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ሞት የማሽኑ ነው። የቪኤችኤስ ማጫወቻ ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 ሥራውን አቆመ። ሶኒም የቤታማክስ ካሴት መሸጥ ያቆመው በዚያው ዓመት ነው። ቴፑ ደኅና ቢሆን እንኳ የሚያጫውተው ማሽንና ማሽኑን የሚጠግን ሰው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

ከውጭ አገር ወደ ቤት ለተላኩ ካሴቶች አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። አሜሪካ ትጠቀምበት የነበረው የምስል ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ፓልን ነው የምትጠቀመው። ከዋሽንግተን የተላከ የሠርግ ካሴት አዲስ አበባ ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወይም እየዘለለ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ተበላሽቶ ሳይሆን ሥርዓቱ ስለማይገጥም ነው፤ እንዳትጥሉት። ዲቪዲም የራሱ አጥር አለው፤ ለአሜሪካ የታተመው በቁጥር 1፣ ለአውሮፓ፣ ለእስራኤልና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የታተመው በቁጥር 2፣ ለኢትዮጵያ ቀጣና የተመደበው በቁጥር 5 ይታወቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ።

ወረቀቷ ላይ ምን ይጻፍ?

አንድ ካሴት እንውሰድ። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «ጎንደር 1984» ብቻ ተጽፏል። ይህ 1984 ዓመተ ምሕረት ከሆነ የደርግ ማግሥት ነው፤ በአውሮፓውያን ከሆነ የከባዱ ድርቅ ዓመት፣ 1976 ወይም 1977 ዓ.ም. ነው። ሁለት የተለያዩ ኢትዮጵያዎች ናቸው፤ ወረቀቷ ግን አታውቅም። «ዓ.ም.» የምትለው ምልክት ብትኖር ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ። ለእኛ አገር መዝገብ ያዥ ከሁሉ የሚቀድመው ትእዛዝ የዘመን አቆጣጠሩን መጻፍ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ቦታው በቀበሌውና በወረዳው ስም፣ የቀረጸው ሰው፣ የሚታዩትና የሚናገሩት ሰዎች ስም፣ የሚነገረው ቋንቋ፣ ቴፑ ጥሬ ይሁን የተቀናበረ፣ ስንተኛው ካሴት ከስንቱ እንደሆነ ይጻፋል። የሰዎቹን ስም የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ይጠየቅ። አሜሪካ ውስጥ ይህን ሥራ በአገር ደረጃ የሚሠራው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የቦስተኑ ጂቢኤች ጣቢያ በጋራ የያዙት የሕዝብ ሥርጭት ቤተ መዛግብት ነው፤ በየጣቢያው የተበተኑትን የድሮ ዝግጅቶች ይሰበስባል፣ ይገለብጣል፣ መግለጫ ይጽፍላቸዋል። መግለጫ የሌለው ቪዲዮ በፍለጋ አይገኝም፤ የማይገኝ ቪዲዮ ደግሞ ከጠፋው አይሻልም።

ለሚሰበስቡም ቢሆን ሕጉ ያው ነው። የአቅራቢው ፊርማ ያለበት መጽሐፍ፣ የጣቢያ ኩባያ፣ የቀረጻ ቡድን ቲሸርት ዋጋው የሚለካው በአመጣጡ ማስረጃ ነው። በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን የልጆች ዝግጅት ያቀርብ የነበረው የፍሬድ ሮጀርስ ሹራብ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ሊከበር የቻለው ሮጀርስ ራሱ የለበሰው መሆኑ ስለተረጋገጠ ነው፤ ያለዚያ ከማንኛውም ቀይ ሹራብ አይለይም።

ቤታችሁ የቆየ ካሴት ካለ፣ የአባታችሁ የጉዞ ፊልምም ይሁን ከቴሌቪዥን የተቀዳ ዝግጅት፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉ። ወረቀት ለጥፉበትና የምታውቁትን ሁሉ ጻፉ፤ የማታውቁትን ከሚያውቅ ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ ማሽን ያለው ባለሙያ ፈልጋችሁ ወደ ዲጂታል አስገልብጡ፣ ከተገለበጠ በኋላም ዋናውን አትጣሉ። የቀድሞ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የካሜራ ባለሙያ ጎረቤት ያላችሁ ደግሞ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው፤ የት የት እንደቀረጹ፣ ከማን ጋር እንደሄዱ ድምፃቸውን ቅዱ። ቴፑን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።